ስፕሪስ ይማሰላል እንዴ?

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ወዳጄ ጋር ጁስ ቤት ገብተን ስፕሪስ አዘዝን። «የምን የምን ይሁን?» አለች አስተናጋጇ። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ። አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀላ ያለው ተደራርቦ ሲመጣ ወዳጄ ሎሚውን ጨመቀበትና ማንኪያውን እስከ ብርጭቆው ቂጥ ሰዶ አማሰለው። ጭቃ መሰለ። «ምን ታፈጣለህ? ስፕሪስ ድብልቅ ማለት አይደል?» አለኝ።

አይደለም። ቢያንስ እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ስፕሪስ አብሮ ሆኖ ያልተደባለቀ ነገር ነው። የሻይና ቡናው ስፕሪስ ምስክሬ ነው፤ ሻዩ ስኳሩን ይዞ ከታች ይከብዳል፣ ቡናው ቀስ ተብሎ ሲንቆረቆርበት ከላይ ይንሳፈፋል። ስኳር የሌለው ሻይ ላይ ቡና ቢደፉበት ግን ቶሎ ይደባለቃል፤ ያ ሌላ መጠጥ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ ስም አያጣም። ነጭና ቀይ ጤፍ አንድ ላይ ሲሆን ሰርገኛ ነው፤ ፍሬ በፍሬ ልልቀመው የሚል የለም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በአንድ እንጀራ ላይ ድንበራቸውን ጠብቀው ሲቀርቡ በያይነቱ ነው። ጉራማይሌ የድድ ንቅሳት ነበር፤ አንዱ ጋ ተነቅሶ ቀጣዩ ይዘለላል። ዛሬ በየመሐሉ እንግሊዝኛ ለሚሰነቅር ተናጋሪ ሰጥተነዋል፤ ልኩ ነው። ከሠርግ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ግብዣ ደግሞ ቅልቅል ይባላል። እኔ በሄድኩባቸው ቅልቅሎች ግን የሙሽራው ዘመድ ወዲህ፣ የሙሽሪት ዘመድ ወዲያ ተቀምጦ ሲተያይ ነው የሚያመሸው። ስፕሪስ ቢባል ይሻል ነበር።

ልዩነቱን አጥብቀው የያዙት ፖለቲከኞቻችን ናቸው። በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች «ቅንጅት» እና «ኅብረት» ብለው ቀረቡ፤ ገዥው ኢሕአዴግ «ግንባር» ነበር። በሦስቱም ስም ውስጥ አባላቱ ንብርብራቸውን እንደያዙ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት የተመረጠው ቃል «ውህደት» ሆነ፤ ማንኪያው ገባ ማለት ነው። ሕወሓት አልዋሃድም ብሎ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስተነትንለት «ሆድ ገብቶ መደባለቁ ላይቀር!» ብሎ ሳቀብኝ። መልስ አጣሁለት። ብርጭቆውን አጋምሶ ግን አስተናጋጇን ጠራት።

«እህቴ፣ ማንጎ አድርጋችሁበታል? ጭራሽ አልተሰማኝም።»