የስፖርት ምልመላ አገልግሎት፦ የሚሸጠው ቦታ ነው ወይስ መረጃ?

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስፖርተኞችን ከኮሌጅ አሠልጣኞች ጋር እናገናኛለን የሚሉ ድርጅቶች ከወላጆች ክፍያ ይቀበላሉ። ለስኬታቸው ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ለኮሌጅ ቡድን የበቁ ደንበኞቻቸውን ነው። ማስረጃው ግን ጎደሎ ነው፤ እነዚሁ ተማሪዎች ሳይከፍሉ ሊመረጡ ይችሉ እንደነበር አያሳይምና።

የብሔራዊ ኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ደንብ ክፍያው ተማሪው ኮሌጅ ከማግኘቱ ጋር እንዳይያያዝ ይደነግጋል። ይህ ተማሪውን ከድለላ ቢጠብቅም ኪሳራውን በሙሉ በቤተሰቡ ላይ ይጥላል፤ ልጁ ቢመረጥም ባይመረጥም ገንዘቡ ተከፍሏል።

ጥቅሙም እንደ ስፖርቱ ዓይነት ይለያያል። የሯጭ ሰዓት ተመዝግቦ ለአሠልጣኞች ይታያል፤ የእግር ኳስ ተጫዋች ግን ቪዲዮ ያስፈልገዋል፤ እርሱንም ቢሆን ራሱ ሊልክ ይችላል። በዲቪዚዮን 1 ለመወዳደር የሚጠየቁትን 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያላሟላ ተማሪ ደግሞ በማስተዋወቅ ብቻ አይድንም።

ስለዚህ ሥርዓቱን የማያውቅ ቤተሰብ በገንዘቡ የሚያገኘው መረጃን እንጂ ቦታን አይደለም። ይህን መረጃ በነፃ ማዳረስ የትምህርት ቤቶች ኃላፊነት ሊሆን ይገባል። ተመራማሪዎችም በችሎታ የሚቀራረቡ ከፋዮችንና ያልከፈሉትን ሳያነጻጽሩ የአገልግሎቱን ፋይዳ ሊያጸድቁ አይገባም።