በሩጫ መሐል ግጭት ሲፈጠር ጥፋተኛው ማን ነው?

ዕለቱ እሑድ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። በጦር ኃይሎች፣ ቀላል ባቡሩ ጉዞውን በሚጨርስበት አካባቢ፣ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ሁሉ በሰው ተሞልቷል። ከፓሪስ የሚተላለፈው የሴቶች ማራቶን ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶ ወደ ማብቂያው ተቃርቧል። ከፊት ሁለት ሯጮች ብቻ ቀርተዋል፤ ለኢትዮጵያ የምትሮጠው ትዕግሥት አሰፋና አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን።

ውድድሩ ሊጠናቀቅ 150 ሜትር ያህል ሲቀረው ሲፋን በውስጠኛው በኩል፣ በአጥሩና በትዕግሥት መካከል በነበረችው ጠባብ ክፍተት ልታልፍ ሞከረች። ትዕግሥትም መንገዱን ልትዘጋ ተጠጋች። ክርን ከክርን፣ ትከሻ ከትከሻ ተጋጨ። ሲፋን አልፋ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ትዕግሥት በሦስት ሰከንድ ተቀድማ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው ተቃውሞ ተቀባይነት አላገኘም።

ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። ገሚሱ ሲፋን ገፍታ አለፈች አለ። ገሚሱ ደግሞ ትዕግሥት ራሷ መስመሯን ለቅቃ ዘጋችባት ሲል ተሟገተ። በዚሁ በጦር ኃይሎች መንገድ ላይ ለተሳፋሪ የሚሽቀዳደሙ ሁለት ሚኒባሶች ሲነካኩ ከሚሰማው ክርክር ብዙም የሚለይ አልነበረም። አንደኛው ሾፌር “ገባህብኝ” ሲል ሌላው “ዘጋህብኝ” ይላል፤ ረዳቶቹም ያግዛሉ፤ የቆመው ሰውም ለሁለት ይከፈላል። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን ሲያነሳ ግን የሚመረምረው ሌላ ነገር ነው። ማን ቅድሚያ ነበረው? ማንስ መስመሩን ለቀቀ?

በአትሌቲክስ የሚጎድለን ይህንኑ መጠየቅ ይመስላል።

ደንቡ ምን ይላል?

የዓለም አትሌቲክስ የቴክኒክ ደንብ መነካካትን በጠቅላላው አይከለክልም። በሩጫ መነካካት ያለ ነገር ነው። ደንቡ የሚያስቀጣው መነካካቱ ለአንዱ ተገቢ ያልሆነ ጥቅም ሲያስገኝ፣ ወይም ሌላውን ሲጎዳና ግስጋሴውን ሲያስተጓጉል ነው። ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ አትሌት ከውድድሩ ይሰረዛል። ድርጊቱ ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ ከሆነ ደግሞ ዋናው ዳኛ የተጎዳውን አትሌት ወደ ቀጣዩ ዙር ሊያሳልፈው ወይም ውድድሩ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል።

እዚህ ላይ የደንቡ ድካም ይታያል። “አስተጓጉሏል” ማለት ምን ያህል ሲገፋ ነው? ሜትር የለውም። ለዚህም ከማራቶኑ ስድስት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 29፣ በዚያው በፓሪስ የተካሄደው የሴቶች 5000 ሜትር ፍጻሜ ጥሩ ማስረጃ ነው። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ጉዳፍ ፀጋይና ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ተገፋፉ። ኪፕዬጎን ሁለተኛ ሆና ብትጨርስም ጉዳፍን አስተጓጉላለች ተብላ ተሰረዘች። ኬንያ ይግባኝ አለች፤ ኪፕዬጎንም በዚያው ምሽት የብር ሜዳሊያዋ ተመለሰላት። ጉዳፍ ዘጠነኛ ሆና ነበር የጨረሰችው። አንድ ግጭት፣ አንድ ፊልም፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ!

ከሸራ ጀልባዎች ምን እንማራለን?

በዚያው ኦሊምፒክ፣ በማርሴይ ከተማ፣ የሸራ ጀልባዎች ውድድር ይካሄድ ነበር። ባሕር ለሌለን ለእኛ ስፖርቱ ሩቅ ነው። ግጭትን በተመለከተ ግን ከሩጫ እጅግ የተሻለ ደንብ አለው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በነፋስ የሚነዱ ብዙ ጀልባዎች በአንድ ምልክት ዙሪያ ሊዞሩ ሲሽቀዳደሙ ፍሬን የላቸውም። ስለዚህ ቅድሚያው አስቀድሞ ካልታወቀ ጀልባው ይሰበራል፤ ሰውም ይጎዳል።

የደንቡ መሠረት ጥቂት ነጥቦች ናቸው። ነፋስን ከግራ ጎኗ የምትቀበል ጀልባ፣ ከቀኝ ጎኗ ለምትቀበለው ትለቃለች። በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ሲሄዱ ወደ ነፋሱ የቀረበችው ከሌላዋ ትርቃለች። ከኋላ የምትመጣ ጀልባ ከፊተኛዋ የመራቅ ግዴታ አለባት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅድሚያ ያላት ጀልባ እንኳ፣ የሚቻል እስከሆነ ድረስ፣ ግጭትን ማስወገድ አለባት። መብት አለኝ ብሎ መጋጨት አይፈቀድም።

ጥፋት የሠራ ተወዳዳሪ ዳኛ እስኪጠራው አይጠብቅም። ወዲያውኑ ከሌሎቹ ርቆ ጀልባውን ሁለት ጊዜ በማዞር ራሱን ይቀጣል፤ ከዚያ ውድድሩን ይቀጥላል። ከባድ ጉዳት አድርሶ ከሆነ ውድድሩን ያቋርጣል። ተበደልኩ የሚል ደግሞ ወዲያውኑ ጮሆ ያሳውቃል፤ በትላልቅ ጀልባዎች ቀይ ባንዲራም ይሰቅላል። በኋላም ሁለቱም ወገኖች በዳኞች ፊት ቀርበው ምስክር ያሰማሉ።

ይህንን በፓሪሱ ማራቶን ላይ ብናስቀምጠው ፍርዱ ቀላል አይሆንም። ከኋላ የመጣችው ሲፋን ናትና የመጠንቀቅ ግዴታው የእርሷ ነበር ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል ጎን ለጎን ከደረሱ በኋላ መስመሯን ለቅቃ ወደ አጥሩ የተጠጋችው ትዕግሥት ናት። ዳኞቹ የደረሱበት ውሳኔ ቅር ቢያሰኘንም መሠረት የለውም ማለት ግን ያስቸግራል።

ሲሆንልንና ሲሆንብን

ሌላው መነሣት ያለበት ጉዳይ የራሳችን ሚዛን ነው። ነሐሴ 1985 ዓ.ም. በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከኋላ ሲከተል የኬንያዊውን ሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረገጠ። የታኑይ ጫማ ወለቀ። ኃይሌ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር አልፎት በግማሽ ሰከንድ ያህል ብልጫ አሸነፈ። ስታዲየሙ አጉረመረመበት፤ እኛ ግን ጨፈርን።

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በቡዳፔስት በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሲፋንና ጉዳፍ ትከሻ ለትከሻ ሲታገሉ ሲፋን ከመጨረሻው መስመር ሜትሮች ሲቀሯት ወደቀች። ጉዳፍ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገቡ። ያን ዕለት ጥፋተኛ የፈለገ አልነበረም። ከዓመት በኋላ በፓሪስ ግን ያቺው ሲፋን የስድብ ውርጅብኝ ወረደባት። በልጅነቷ በስደት የሄደች የአገር ልጅ መሆኗ ነገሩን አባባሰው እንጂ አላለዘበውም።

ደንብ የጠቀመንም ጊዜ አለ። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ በ3000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ከፊቷ ሯጮች ወድቀው እቴነሽ ዲሮ በግጭቱ ጫማዋ ተበላሸ። ጫማውንና ካልሲውን ወርውራ በአንድ ባዶ እግር ጨረሰች። ማለፍ የሚያስችላት ደረጃ ባታገኝም በቀረበው አቤቱታ፣ ከእርሷ ጋር ከተጎዱት የአየርላንድና የጃማይካ ሯጮች ጋር ወደ ፍጻሜው አለፈች። አቤቱታ በወቅቱና በአግባቡ ሲቀርብ ፍሬ እንደሚያፈራ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

የሠላሳ ደቂቃው ጉዳይ

ውጤት በይፋ ከተገለጸ በኋላ ተቃውሞ የሚቀርበው በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። የዋናው ዳኛ ውሳኔ ካላረካ ለይግባኝ ጉባኤው በጽሑፍ፣ ከ100 ዶላር ማስያዣ ጋር፣ እንደገና በ30 ደቂቃ ውስጥ ይቀርባል። በዚህ አጭር ጊዜ ፊልሙን ከየአቅጣጫው አይቶ፣ አንቀጹን ጠቅሶ፣ ጉዳቱን በሜትርና በሰከንድ ማስረዳት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። የአራት ዓመት ልፋት በዚያች ሰዓት ይወሰናል።

ኢትዮጵያ ከፓሪስ የተመለሰችው በአንድ ወርቅና በሦስት ብር ነው። ወርቁ ታምራት ቶላ በወንዶች ማራቶን ያስገኘው ነበር። የትዕግሥት ተቃውሞ ቢሳካ ኖሮ ወርቁ ሁለት በሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ስለሺ ስህን ራሱ በትከሻ መሐል ሮጦ ሜዳሊያ ያመጣ አትሌት ነው፤ የነገሩን ክብደት ለማወቅ አስረጂ አያሻውም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከሎስ አንጀለሱ የ2028 (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ በፊት ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ከቡድኑ ጋር የሚጓዝ፣ ሥራው ደንብና ይግባኝ ብቻ የሆነ ባለሙያ መመደብ። ሁለተኛ፣ መስመርን መጠበቅና በመጠምጠሚያ ላይ ውስጠኛውን ክፍት አለመተውን የሥልጠና አካል ማድረግ። ሦስተኛ፣ በአገር ውስጥ ውድድሮች መገፋፋትን በቸልታ አለማለፍ። እዚህ ያልተቀጣ እዚያ ሲቀጣ ይደነግጣልና።

አራተኛ ካስፈለገ መልሱን ከቶኪዮ እናገኛለን። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ትዕግሥት በኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በሁለት ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ዳግም ብር ወሰደች። በዚያን ዕለት የገፋትም የዘጋባትም አልነበረም። የመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ናቸው የተረቱት። ሁሉን ሽንፈት በግጭት ማሳበብ እንደማያዋጣ ይህ ይበቃል።

የጦር ኃይሎች ሾፌሮች ፕላን ከተነሣ በኋላ ተጨባብጠው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። እኛም ፕላኑን ማንሣት ብንለምድ ክርክራችን አጭር፣ አቤቱታችንም የሚሰማ ይሆናል።