ተቋማዊ መዋዕለ ንዋይና የክሪፕቶከረንሲ ገበያ፦ መረጋጋት ወይስ የመዋዠቅ መልክ መለወጥ?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 10 ቀን 2024 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን ቢትኮይንን በቀጥታ ገዝተው የሚይዙ 11 ፈንዶች በአክሲዮን ገበያ እንዲገበያዩ ፈቀደ። ከፈንዶቹ አቋቋሚዎች መካከል ብላክሮክና ፊደሊቲ ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ተቋማት በገቡ ቁጥር የክሪፕቶከረንሲ ገበያ ከዋጋ መዋዠቅ እየተላቀቀ ይሄዳል የሚለው ተስፋ ሥር እየሰደደ መጥቷል። ተስፋው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም የተቋማት መግባት መዋዠቅን ያጠፋል ከማለት ይልቅ የመዋዠቁን ምንጭና መልክ ይለውጣል ማለት ለእውነታው ይቀርባል።

የቢትኮይን ጠቅላላ አቅርቦት በ21 ሚሊዮን የተገደበ ነው። ፍላጎት ሲጨምር ምርቱን ማሳደግ ስለማይቻል፣ የፍላጎትን ለውጥ የሚሸከመው ዋጋው ብቻ ነው። ገዥና ሻጭ ጥቂት በነበሩበት ዘመን አንድ ትልቅ ትእዛዝ ገበያውን ያናጋ ነበር። ተቋማት ሲበዙ ግን ገበያው ጥልቀት ያገኛል፤ በልዩ ልዩ የመገበያያ መድረኮች መካከል የሚፈጠረውንም የዋጋ ልዩነት ባለሙያ ነጋዴዎች ፈጥነው ያጠቡታል። የዘወትሩ መዋዠቅ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር መቀነሱ ስለዚህ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ «ተቋም» የሚለው አንድ ስም የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ባለሀብቶች ያጠቃልላል። ከሀብቱ 1 በመቶውን በቢትኮይን ለመያዝ የወሰነ የጡረታ ፈንድ፣ ዋጋው ሲንር ድርሻውን ለማስተካከል ይሸጣል፤ ሲወርድም ይገዛል። ይህ አሠራር መዋዠቅን ያለዝባል። በብድር የሚሠራ ሄጅ ፈንድ ግን ዋጋ ሲወርድ አበዳሪው ተጨማሪ ማስያዣ ስለሚጠይቀው ባልፈለገው ሰዓት ለመሸጥ ይገደዳል፤ ሽያጩም ውድቀቱን ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቢትኮይን መግዛት እንደ ጀመረው ማይክሮስትራቴጂ፣ ቦንድና አክሲዮን እየሸጡ የሚገዙ ኩባንያዎችም አሉ። የእነዚህ የመግዛት አቅም ገበያው ሲሞቅ ይበረታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዳከማል። እንግዲህ ቁም ነገሩ ተቋማት መግባታቸው ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ተቋማት፣ በማን ገንዘብ ገቡ የሚለው ነው።

የድንጋጤው ምንጭም ተለውጧል። ቀደም ሲል ገበያውን ያናውጡት ከነበሩት ክስተቶች ብዙዎቹ ከራሱ ከዘርፉ የመነጩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የማውንት ጎክስ መዘጋት ለዚህ ምሳሌ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የሆነው ግን የተለየ ነው። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ በጁላይ 31 ቀን 2024 የወለድ መጠኑን ከፍ ሲያደርግ፣ በርካሽ ወለድ የን ተበድረው በሌሎች አገሮች ሀብት የገዙ ባለሀብቶች ብድራቸውን ለመክፈል ተሯሯጡ። ስለ አሜሪካ ኢኮኖሚ መቀዝቀዝ የተፈጠረው ስጋትም ተጨመረበት። በኦገስት 5 ቀን የቶኪዮው የኒኬይ መለኪያ ከ12 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፤ በዚያው ዕለት ቢትኮይን ከ50,000 ዶላር በታች ወረደ። በቢትኮይን አሠራር ላይ በዚያ ሳምንት የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሁለቱን ገበያዎች ያስተሳሰራቸው፣ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥራቸው በእጃቸው ያለውን ሁሉ የሚሸጡ ባለሀብቶች በሁለቱም መገኘታቸው ነው።

ተቋም ገብቷል ማለት ጉዳዩ በሚገባ ተመርምሯል ማለትም አይደለም። የካናዳው የኦንታሪዮ መምህራን የጡረታ ፈንድ ኤፍ ቲ ኤክስ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ ላይ 95 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲከስር ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ከመዝገቡ ሰርዟል። ኪሳራው ከፈንዱ ጠቅላላ ሀብት አንጻር አነስተኛ ቢሆንም፣ የታላቅ ተቋም ስም ለሌላው ባለሀብት ዋስትና ሊሆን እንደማይችል ያሳያል።

አክሲዮንም ይዋዥቃል፣ ክሪፕቶ ብቻውን ለምን ይወቀሳል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የጡረታ ፈንዶች ወደ ቢትኮይን የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ከአክሲዮን የተለየ መንገድ ይከተላል በሚል ነው። ሁለቱ በክፉ ቀን አብረው ከወረዱ፣ ፈንዱ አደጋውን አከፋፈለ ሳይሆን ደራረበ ማለት ነው።

ስለዚህ የሠራተኛን የእርጅና ጥሪት የሚያስተዳድሩ ቦርዶች ይህን ገበያ በአማካይ ቀን መዋዠቁ ብቻ ሊመዝኑት አይገባም፤ ሌላው ሀብታቸው በሚወርድበት ቀን የሚያሳየውን ባሕርይ መመርመር ይኖርባቸዋል። ተቆጣጣሪ አካላትም ወደ ገበያው ከሚገባው ገንዘብ ምን ያህሉ በብድር የተገኘ እንደሆነ በየጊዜው እንዲገለጽ ማስገደድ አለባቸው። የተረጋጋ ወር ገበያው ከአደጋ መውጣቱን አያረጋግጥም፤ አደጋው ቀድሞ በማይጠበቅበት በኩል ሊመጣ ይችላልና።