ሙግት፦ የቡድን ክስ የማን ነው? የሸማቹ ወይስ የጠበቃው?

አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከፖስታ ሣጥናቸው አልፎ አልፎ አንዲት ካርድ ያወጣሉ። «በእነዚህ ዓመታት ይህን ዕቃ ገዝተው ወይም በዚህ ባንክ ሂሳብ ከፍተው ከነበረ የክፍያ ድርሻ ሊኖርዎት ይችላል» ትላለች። ብዙዎች ማጭበርበሪያ መስሏቸው ይጥሏታል። ካርዷ የቡድን ክስ ማስታወቂያ ናት፤ በሺህ ወይም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሸማቾችን በአንድ መዝገብ የሚያስተናግድ ክስ። አሠራሩ ሸማቹን ይጠቅማል ወይ በሚለው ላይ ሁለት ጸሐፊዎቻችን ተሟግተዋል። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይጠቅማል

ባንክ ከአንድ ደንበኛ ያለ አግባብ 35 ዶላር ቢወስድ ደንበኛው ምን ያደርጋል? ይደውላል፣ መስመር ላይ ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው ይዘጋዋል። ጠበቃ ልያዝ ቢል የጠበቃው የአንድ ሰዓት ዋጋ ከተወሰደበት ገንዘብ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ባንኩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከአንድ ሰው ሚሊዮን የወሰደ ይከሰሳል፤ ከሚሊዮን ሰው ሠላሳ አምስት ሠላሳ አምስት ዶላር የለቀመ ግን ጠያቂ የለውም። የቡድን ክስ የተሠራው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ለቀማው እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር እንየው። ሂሳብዎ ውስጥ 100 ዶላር አለ እንበል። በአንድ ቀን በ5 ዶላር ቡና፣ በ12 ዶላር ምሳ፣ በ20 ዶላር ቤንዚን ገዙ፤ ማታ ደግሞ የ90 ዶላር የመብራት ሂሳብ ተከፈለ። ወጪዎቹ በተፈጸሙበት ተራ ቢመዘገቡ ከሂሳብዎ በላይ የሚሆነው የመጨረሻው ብቻ ነውና ቅጣቱ አንድ፣ 35 ዶላር ነው። ባንኩ ትልቁን ካስቀደመ ግን 90ው መጀመሪያ ይወጣና 10 ዶላር ይቀራል። ከዚያ ቤንዚኑም፣ ምሳውም፣ ቡናውም እያንዳንዳቸው 35 ዶላር ያስቀጣሉ። አንድ ሳንቲም ጨምረው ሳያወጡ ቅጣትዎ 105 ዶላር ደረሰ።

በርካታ ትላልቅ ባንኮች በዚህ ዓይነት አመዘጋገብ ተከሰው ጉዳያቸው በማያሚ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተጣምሮ ታየ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ጥፋቱን ሳያምን በ2011 410 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ገንዘቡም ከ13 ሚሊዮን ለሚበልጡ ደንበኞች ተደለደለ፤ ቅጽ መሙላት ሳያስፈልጋቸው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ብቻውን ችሎት ቢቆም ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ሥርዓቱ ልቅ እንዳይመስላችሁ። አንድ ወይም ጥቂት ተጎጂዎች በሌሎች ስም ከሰው ሲመጡ ዳኛው በፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 መሠረት አራት ነገር ያጣራል፦ ተጎጂዎቹ አንድ በአንድ ለመክሰስ የማይመቹ ብዙ መሆናቸውን፣ የጋራ ጥያቄ ያላቸው መሆኑን፣ የወካዩ ጉዳይ የሌሎቹን የሚመስል መሆኑን፣ ወካዩና ጠበቃውም የሁሉንም ጥቅም በአግባቡ የሚያስጠብቁ መሆናቸውን። ገንዘብ ሲጠየቅ ደግሞ የጋራው ጥያቄ ከየግሉ የሚያመዝን መሆን አለበት። ከዚያ ማስታወቂያ ይላካል። መካተት የማይፈልግ በቀነ ገደቡ ውስጥ ራሱን ያወጣል፣ ስምምነቱ ያልጣመው ተቃውሞውን ለዳኛው ያቀርባል። ዳኛው ፍትሐዊ ነው ብሎ ካላጸደቀው ስምምነቱም የጠበቃው ክፍያም አይጸናም። ጠበቃው የሚሠራው ካሸነፈ ሊከፈለው ነው፤ ቢረታ ኪሳራው የራሱ ነው።

ሲሠምር ምን እንደሚያስገኝ ቮልስዋገን ምስክር ነው። በ2015 የናፍጣ መኪኖቹ የጭስ ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚለይና ያኔ ብቻ ጭሱን የሚቀንስ ሶፍትዌር እንደተጫነባቸው ታወቀ። ባለ 2 ሊትር ሞተር የሆኑት ወደ 475,000 የሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች፣ መኪናቸውን ቅሌቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ መልሰው የመሸጥ መብት አገኙ፤ በዚያ ላይ ቢያንስ 5,100 ዶላር ካሳ። የጠበቆቹን 175 ሚሊዮን ዶላር ኩባንያው ለብቻው ከፈለ እንጂ ከባለመኪኖቹ ድርሻ አልተነሣም።

አይጠቅምም

ደንቡ ምን እንደሚል እህቴ በትክክል አስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ በስተመጨረሻ ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ ብዬ እጠይቃለሁ።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ሸማቾች ቅጽ ሞልተው ድርሻቸውን እንዲጠይቁ በተደረገባቸው ክሶች የጠያቂዎቹ መጠን መካከለኛው አኃዝ 9 በመቶ ነበር። እንደ ክሶቹ ስፋት ተመዝኖ ሲሰላ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። የቀሩት ሳንቲም አላዩም። ራሳቸውን ስላላወጡ ግን በዚያ ጉዳይ ዳግመኛ የመክሰስ መብታቸው ተዘግቷል። አስቡት፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶቻችን፣ የሕግ ባለሙያ የጻፋትን ካርድ አንብበው በቀነ ገደቡ «አልካተትም» ካላሉ መብታቸውን እንደ ለቀቁ ይቆጠራል። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38፣ በብዙ ሰዎች ስም የሚከስ ሰው ሰዎቹ መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት አለበት። እኔ ዝምታን ፈቃድ ከሚያደርገው ሕግ ይልቅ ይህን አከብራለሁ።

የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግበውን የኢኪፋክስን ጉዳይ እንይ። በ2017 የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የግል መረጃ ከኩባንያው ተሰረቀ። በ2019 በተደረሰው ስምምነት፣ የብድር ክትትል አገልግሎት ያለው ሰው በምትኩ እስከ 125 ዶላር መጠየቅ ይችላል ተባለ። ለዚህ አማራጭ የተመደበው ግን 31 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ለሁሉም ይካፈል ቢባል ለአንድ ሰው 21 ሳንቲም ገደማ ነው። ጠያቂው ሲበዛ የንግድ ኮሚሽኑ ራሱ ገንዘቡ እጅግ እንደሚያንስ አስጠንቅቆ ሰዉ ነጻውን የክትትል አገልግሎት እንዲመርጥ መከረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ለጠበቆቹ 77.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሰብዌይ «አንድ ጫማ» ብሎ የሚሸጠው፣ 12 ኢንች መሆን የነበረበት ሳንድዊች 11 ኢንች ሆኖ በ2013 ፎቶው ተሰራጨና ክስ ተከተለ። በስምምነቱ ለጠበቆች 525,000 ዶላር፣ ስማቸው በክሱ ለተጠቀሱት ከሳሾች 500፣ 500 ዶላር ተመደበ። ሳንድዊቹን የገዛው ሕዝብ ያገኘው ኩባንያው ዳቦውን እየለካ ሊሸጥ የገባውን ቃል ነው። ዳቦ ደግሞ በምድጃ ውስጥ ሲጋገር እኩል ስለማይነፋ ያ ቃል ምንም እንደማይለውጥ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 ገልጾ ስምምነቱን ሻረው።

ሌላ መንገድ አለ። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን የኤቲ ኤንድ ቲን ጉዳይ ተመልከቱ። ባልና ሚስት «በነጻ» ለተባለ ስልክ 30.22 ዶላር የሽያጭ ታክስ ተጠይቀው ከሰሱ። ውላቸው ግን በግል ግልግል እንጂ በቡድን ክስ መጠየቅን አይፈቅድም ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በ5 ለ4 ድምፅ ውሉን አጸና። በዚያው ውል፣ ገላጋዩ ኩባንያው በመጨረሻ ካቀረበው ገንዘብ የበለጠ ለደንበኛው ከፈረደ ኩባንያው ቢያንስ 7,500 ዶላር ይከፍል ነበር። አንድ ካርድና የጥቂት ሳንቲም ቼክ ከዚህ ይሻላል?

ይጠቅማል፦ መልስ

ወንድሜ ሰብዌይን ማንሣታቸው እኔን ያግዛል። ስምምነቱን ያፈረሰው ማን ነው? እዚያው ሥርዓት ውስጥ ተቃውሞ ያቀረበ የቡድኑ አባልና ተቃውሞውን የሰሙ ዳኞች ናቸው። አጥሩ ሠርቷል።

7,500 ዶላሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ለ30 ዶላር ብሎ ግልግል የሚቀመጥ ማን ነው? የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በመረመራቸው የፋይናንስ አገልግሎቶች ሸማቾች በግል ለግልግል ያቀረቡት ጉዳይ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነበር፤ የደንበኞቹ ቁጥር ግን በአሥር ሚሊዮኖች ነው። ቢሮው በ2017 እንዲህ ያለውን ክልከላ የሚያስቀር ደንብ ሲያወጣ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ ሳይቀበለው ቀርቶ፣ ሴኔቱም 50 ለ50 ተከፍሎ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ደንቡ ተሻረ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የቢሮው ሠራተኞች ራሳቸው ሥራ እንዲያቆሙ ታዘዙ። መንግሥት ይጠብቀናል ብሎ የተቀመጠ ሸማች፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ይደርስበታል። ሹማምንት ሲለዋወጡ የማይቆመው፣ ተጎጂው ራሱ የሚከፍተው መዝገብ ነው።

አንቀጽ 38ንም አከብራለሁ። የሚሠራው ግን የሚተዋወቁ ሰዎች በአንድ የይዞታ ወይም የውኃ ጉዳይ ሲከስሱ ነው። የ13 ሚሊዮን የባንክ ደንበኞችን ፈቃድ ቤት ለቤት አምጡ ማለት አትክሰሱ ማለት ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ወይም የቡድን አባል ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ይህን ችግር ያየ ይመስለኛል። እስራኤልም በ2006 ባወጣችው የቡድን ክስ ሕግ በመርሕ ደረጃ የመረጠችው ራሱን ያላወጣ ሁሉ የሚካተትበትን መንገድ ነው።

አይጠቅምም፦ መልስ

አጥሩ ሠርቷል ላሉት፦ የሰብዌይን ስምምነት የመጀመሪያው ዳኛ አጽድቆት ነበር። የተሻረው አንድ ተቃዋሚ ጊዜውን ሰውቶ ይግባኝ ስላለ ነው። ስምምነት በቀረበ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ቆመው «ይጽደቅልን» ይላሉ፤ በዚያ ሰዓት ለሸማቹ የሚከራከር በችሎቱ ላይ የለም። ተቃዋሚ ያልተገኘለት ስምምነት ስንት ይሆን?

ቮልስዋገንም የቡድን ክስ ብቻውን ያመጣው ድል አይደለም። ማጭበርበሩን ለሕዝብ ያሳወቀው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በስምምነቱም የፍትሕ ሚኒስቴሩ፣ የካሊፎርኒያ ግዛትና የንግድ ኮሚሽኑ ነበሩበት። የመንግሥት ክንድ ሲኖር ሸማቹ እንደሚካስ ያ ጉዳይ አሳይቷል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ባወጣውና ከጁን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ ለሸማቾች የሚከስሱት በመንግሥት ዕውቅና ያገኙ፣ በአብዛኛው ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ናቸው። ከጉዳዩ የሚያተርፍ ሰው መዝገቡን አይመራውም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

አሜሪካ በያዘችው መንገድ ትቀጥል ከተባለም ሕጉ በእጇ አለ። በ2005 የወጣው የቡድን ክሶች ሕግ፣ ካሳው የቅናሽ ኩፖን ሲሆን ከኩፖኑ ላይ ተሰልቶ የሚወሰደው የጠበቃ ክፍያ ሸማቾች በተጠቀሙበት ኩፖን ልክ እንዲሆን ያዛል። ይህ ወደ ጥሬ ገንዘብም ይስፋ። ኩባንያው የደንበኞቹ ዝርዝር ካለው ቅጽ አይጠየቅ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ይላክ። ዝርዝር ከሌለው ደግሞ የጠበቃው ክፍያ የሚሰላው ለተጎጂዎች በእርግጥ ከደረሰው ገንዘብ ላይ ብቻ ይሁን፤ እሱም የሚከፈለው እነሱ ከተከፈሉ በኋላ። ያኔ ካርዷ በሚገባን ቋንቋ ተጽፋ ትመጣለች፤ ምክንያቱም እኛ ካልተከፈልን የላኳትም አይከፈሉም።