ስለ ሰንጠረዥ ተጫዋቹ ስለ ሱልጣን ካን

ጨዋታ ለልጅ እንጂ ለአዋቂ አይገባም የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በትጋት የተያዘ ጨዋታ ከሌላው ጥበብ አያንስም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም የሚር ሱልጣን ካንን ታሪክ እነግራችኋለሁ።

ይህ ሰው የተወለደው በፑንጃብ ነው። አገሩ ያን ጊዜ በእንግሊዝ የምትገዛ የህንድ ክፍል ነበረች፤ ዛሬ ግን በፓኪስታን ውስጥ ናት። ዛሬ ቼዝ የሚባለውን ሰንጠረዥ በልጅነቱ ከአባቱ ተማረ። በዚያ አገር ሕግ እግረኛው ወታደር ከቤቱ ሲነሣ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ የኛም የጥንት ሰንጠረዥ እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ሕግ ግን መጀመሪያ ሲነሣ ሁለት ሊራመድ ይችላል። ሱልጣን ካንም ካደገ በኋላ የለመደውን ትቶ እንደ ገና መማር ግድ ሆነበት። ልጆች ሆይ፥ የለመዱትን መተው እንዴት እንደሚያስቸግር ፊደል አጣምሞ መጻፍ የለመደ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰር ዑመር ሐያት ካን የሚባል ባለጠጋ መኰንን ችሎታውን አይቶ አስጠጋው፤ በ1929 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። በዚያው ዓመት ሱልጣን ካን የብሪታንያን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ1932 እና በ1933ም ደገመው። ብርዱ ይጐዳው ነበር፤ ስለ ጨዋታው አጀማመር ከመጻሕፍት የተማረውም እጅግ ጥቂት ነበር። ሆኖም በ1930 መጨረሻ በሄስቲንግስ ከተማ የኩባውን ካፓብላንካን ድል ነሣው፤ ይህም ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ነው። ካፓብላንካም የሱልጣን ካን ተሰጥዎ ከተለመደው በላይ እንደ ሆነ በኋላ መሰከረ። አሸናፊውን የሚያመሰግን ተሸናፊ እርሱም ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን በ1933 መጨረሻ መኰንኑ ወደ አገሩ ሲመለስ ሱልጣን ካንም አብሮት ተመለሰ፤ ዳግመኛም በአውሮፓ አልተጫወተም። የአውሮፓ ዘመኑ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጥበቡ የራሱ ነበረ፥ መንገዱ ግን የሌላ ሰው ነበረ። ደኅና ኑሮ አግኝቶ ነበርና ምን ጐደለበት የሚል ይኖራል። ነገር ግን በሰው ገበታ የሚበላ ምንም ቢጠግብ ገበታው ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ በእርሻው ኖሮ በ1966 ሞተ። ልጁ እንደ ተናገረው፥ ልጆቹን ሰንጠረዥ ሊያስተምራቸው አልወደደም፤ ከዚህ የሚጠቅም ሥራ እንዲይዙ ይመክራቸው ነበር። በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አልስማማም። እንጀራቸው በጨዋታ ላይ እንዳይሆን መፍራቱ የአባት ወግ ነው፤ ነገር ግን ካፓብላንካን ያሸነፈ አባት ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ሰንጠረዡን ዘርግቶ ቢቀመጥ ምን ይጐዳ ነበር? እርሱም ከአባቱ የተቀበለው ነበርና።

የዓለም የቼዝ ማኅበር በ1950 ታላላቆቹን ተጫዋቾች ግራንድ ማስተር ብሎ ሲሰይም ሱልጣን ካን በሕይወት ነበረ፤ ስሙ ግን አልተጠራም። ማዕረጉ ለክብሩ የተሰጠው በ2024 ነው፤ ከሞተ 58ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።