ስለ ውሻ ቆዳ እብጠትና ስለ ኵላሊቱ ደዌ

በዚህ ሰሞን አንድ የተከበሩ ወዳጃችን ወደ ቤታቸው ጠርተውን የስድስት ዓመት ዕድሜ ያላትን ውሻቸውን አሳዩን። ውሻይቱ ጀርመን ሼፐርድ ከሚባለው ወገን ናት። በእግሮቿና በራሷ ላይ አንዳንዱ ሽምብራ፣ አንዳንዱም ባቄላ የሚያህል ጠጣር እብጠት ወጥቶባታል። ትበላለች፤ ትጫወታለች፤ ሌሊትም እንደ ልማዷ በሩን ትጠብቃለች። ዳሩ ግን ጎረቤቶቻቸው «ይህ ልጆችን የሚይዝ በሽታ ነውና ከግቢ አስወጧት» እያሉ አስጨንቀዋቸዋል። እኛም የእንስሳት ሐኪም ባንሆን መጽሐፍ ማገላበጥ የጸሐፊነት ልማዳችን ስለ ሆነ፤ ፈልገን ያገኘነውን ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እነሆ ጻፍነው።

አስቀድመን የሚያጽናናውን እንናገር። በውሻ ቆዳ ላይ የሚወጣው እብጠት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስብ ብቻ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን በጀርመን ሼፐርድ ወገን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚታይ አንድ የዘር ደዌ አለ። ይህም ቢሆን በመነካካት ከውሻ ወደ ሰው፣ ከውሻም ወደ ውሻ አይተላለፍም። መንገዱ መወለድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ውሻይቱን ቢያቅፏት ከዚህ ደዌ የሚያገኛቸው ነገር የለም።

ይህን ደዌ ሊዩምና ሙ የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. መርምረው ጽፈውታል። እብጠቱ ያለባቸው ውሾች ሲመረመሩ በሁለቱም ኵላሊታቸው ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶችና የነቀርሳ ዕጢዎች ተገኙ፤ በሴቶቹም ማሕፀን ዕጢ ታየ። እኛ በፍርድ ቤት ብዙ ምስክር ሲቆም አይተናል፤ ቆዳ ስለ ኵላሊት ሲመሰክር ግን የሰማነው በዚህ ነገር ነው። የቆዳው እብጠት ራሱ ውሻውን አይገድለውም፤ በመዳፉ ላይ ቢወጣ ያነክሰው ይሆናል እንጂ። የሚገድለው በውስጥ ተሰውሮ የሚያድገው ነው። ሁለቱንም ኵላሊት ስለሚይዝም አንዱን ቈርጦ ማውጣት አያድንም።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀ። በ2000 ዓ.ም. ደዌው ከውሻ 39 ጥንድ ክሮሞሶሞች መካከል በ5ኛው ላይ እንዳለ ታወቀ። በሰው ዘንድ ደግሞ በርት፣ ሆግና ዱቤ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች በ1977 ዓ.ም. የገለጹት ደዌ አለ፤ ይኸውም በፊት ቆዳ ላይ ትንንሽ እብጠት፣ በሳንባ አየር የቋጠሩ ከረጢቶች፣ በኵላሊትም ዕጢ የሚያወጣ ነው። የዚህ የሰው ደዌ ዘረ መል በ2002 ዓ.ም. ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት በ2003 ዓ.ም. ሊንጎስና ባልንጀሮቹ የውሻውን ቢመረምሩ ያው ዘረ መል ተበላሽቶ አገኙት። ፎሊኪዩሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ይህ ጽሕፈት አንዲት ፊደል ተለውጣበት፤ በ255ኛው ስፍራ ሂስቲዲን መግባት ሲገባው አርጊኒን ገብቷል። የውርስ ጽሑፍ የገለበጠ ሰው በአንዲት ፊደል ስሕተት ርስት ከእጅ ሲወጣ አይቷልና ይህ አያስደንቀውም።

ዘረ መሉ ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ሆኖ ጥንድ ነው። አንዱ ብቻ ቢበላሽ ደዌው ይወረሳል፤ ስለዚህ ከታመመ ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ቡችላ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከሁለት አንድ ዕድል አለው። ሁለቱም የተበላሹበት ግን በማሕፀን ሳለ ይጠፋል ብለው ሊቃውንቱ ያምናሉ። የተወለደው በደኅናው ቅጂ ተጠብቆ ጤናማ መስሎ ያድጋል፤ በኋላ በአንዲት የኵላሊት ሕዋስ ውስጥ ያ ደኅናው ሲበላሽ ዕጢው ከዚያ ይጀምራል።

ክፋቱም በዚሁ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውሻው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ልጆች ወልዶ ደዌውን አውርሷል። የጀርመን ሼፐርድ ወገን ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ በመዝገብ ተጠብቆ የሚዳቀል ነው፤ አንድ መልከ መልካም ወንድ ለብዙ ሴቶች አባት ይደረጋል። የዘሩን ንጽሕና ስንጠብቅ ጕዳቱንም አብረን ስንጠብቅ መኖራችን ያሳዝናል። ዛሬ ግን ከደም ወይም ከጕንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የቡችላው ዘረ መል ተመርምሮ ምልክቱ ሳይታይ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን በነገርናቸው ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ። ለካ ውሻይቱ ካቻምና ስድስት ቡችሎች ወልዳ ኖሯል፤ አንዱ በአማታቸው ቤት፣ ሁለቱም በባልንጀሮቻቸው ቤት አድገዋል። ለመጪውም ወር ሌላ ወንድ ሊያመጡላት ቀን ቈርጠው ነበር። ያን ጊዜ ወረቀት አስመጥተው ማዳቀሉ እንዲቀር ለባለ ውሻው ጻፉ፤ ቡችሎቹን ለወሰዱት ቤቶችም እየራሳቸው ደብዳቤ አዘጋጁ። ለአማታቸው የሚሆነውን ግን በምን ቃል እንደሚጽፉት አልተገኘላቸውምና እኛ ጻፍንላቸው። የእንስሳት ሐኪሙም ከእብጠቱ ቈንጥሮ ወስዷል፤ ኵላሊቷንም በአልትራሳውንድ ሊያያት ቀጥሯታል፤ ቀጠሮውም ሐሙስ ነው።