ልጅዎ የሸመደደችውን ቃል ታውቀዋለች?

ለዛሬ ያነሣሁት ርዕስ ከጓዳና ከልጅ አስተዳደግ የራቀ ይመስል ይሆናል። ይሁንና ከ9ኛ ክፍል በላይ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ በየማታው የሚያየው ችግር በመሆኑ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብል ስሕተት አይሆንም። ይኸውም የእንግሊዝኛ ቃላት ጥናት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ አንዲት ጎረቤቴ የልጃቸውን ደብተር በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቤቴ መጡ። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ብርቱ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽና እስቲ ይህን እይልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና ታድራለች፤ ውጤቷ ግን ቁልቁል ሄደ። ትናንት ደግሞ ‹ትምህርቱ ለኔ አልሆነም፤ ዐረብ አገር ሄጄ ብሠራ ይሻለኛል› አለችኝ» አሉና ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጅቷ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ከክፍሏ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከሚወጡት አንዷ ነበረች። 9ኛ ክፍል ስትገባ ግን ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነ። እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አድርጓል። በመሆኑም አንድ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ የትምህርቱ ክብደት መጨመሩ ሳያንስ ቋንቋውም አብሮ ይከብደዋል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚዘነጋ አይደለም። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለውና ሁሉን በቃላት እጦት ማሳበብ አይገባም። ሆኖም ጥያቄው ያልገባው ተማሪ መልሱን ቢያውቀው እንኳ ምን ይጠቅመዋል?

ደብተሩን ገለጥሁት። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል አንዲት የአማርኛ ቃል እየሆነ፣ ከመዝገበ ቃላት ላይ ከ«ኤ» ፊደል ተጀምሮ በየማታው ሠላሳ ሠላሳ ቃል ተገልብጧል። የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል፤ ትጋቷም ያስደንቃል። በማግሥቱ ልጅቷን ቡና ጠጪ ብዬ ጠራኋትና «አባንደን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳታመነታ «ተወ» አለችኝ። «ዐረፍተ ነገር ሥሪበት» ስላት ጥቂት አስባ «ምሳዬን አባንደን አደረግሁ» የሚል በእንግሊዝኛ ሠራች።

ውድ አንባቢያን፣ የልጅቷ ችግር ስንፍና አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አማርኛችን «ተወ» ሲል ብዙ ነገር ያቅፋል። ምሳ ይተዋል፤ ሲጋራ ይተዋል፤ «ተወኝ» ተብሎ ሰው ይገሠጻል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን እንዲህ ሰፊ አይደለም። ይህን ላስረዳት ቃል ስፈልግ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና የሚቆሉት እናቷ «መርከቡ ሲሰጥም ጥለውት ወጡ የሚባለውስ በየትኛው ቃል ነው?» አሉኝ። «በዚሁ ቃል ነው፣ እትዬ» አልኋቸው። «እናት ልጇን ደጅ ላይ ጥላ ስትሄድስ?» «እሱም በዚሁ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞር አሉና «እንግዲያማ ተወ አይደለም፤ ኀላፊነት ያለበትን ነገር ጥሎ መሄድ ነዋ!» አሏት። እንግሊዝኛ ያልተማሩት እናት የሰጡት ትርጉም ልጅቷ ደብተሯ ላይ ከጻፈችው ይበልጥ የቀረበ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቃል በአንድ ቃል ተተርጉሞ የሚያልቅ አለመሆኑን ነው። ይህን ሳላውቅ እኔም በወጣትነቴ ተዋርጄበታለሁ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ስማር የአንዲት አንጋፋ ነርስን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ ታዘን ነበር። ከባድ ቃል ካልጨመርሁበት ጽሑፌ የሚያምር አልመሰለኝም። «ኖቶሪየስ» የሚለውን ቃል «ታዋቂ» ብዬ ሸምድጄ ስለነበር ሴትዮዋን «ኖቶሪየስ ነርስ» ብዬ አሞገስኋቸው። ቃሉ ግን በክፉ ሥራው ስሙ የገነነን ሰው የሚገልጽ ነው፤ እንደ ሌባ፣ እንደ ወንበዴ ያለውን። መምህሩ ጽሑፌን ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ክፍሉም በሣቅ አወካ። ከዚያ በኋላ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እጄን አውጥቼ አልተናገርሁም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ያ ዝምታ ከስሕተቱ ይልቅ ጎዳኝ። ስለዚህ እናትም ሆነ አባት፣ እኅትም ሆነ ወንድም፣ ቃል ተሳስቶ በተናገረ ልጅ ላይ እንዳይሥቅ አደራ እላለሁ።

ሌላው ችግር የሚታወቁ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። «ቴብል» ጠረጴዛ መሆኑን ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ ይማራሉ፤ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሠንጠረዥ ነው። «ወርክ» ሥራ ነው፤ በፊዚክስ ግን አንድ ኀይል አንድን ነገር ገፍቶ ወይም ስቦ ከቦታው ሲያንቀሳቅሰው ብቻ ነው ወርክ ተሠራ የሚባለው። ጎረቤቴ ልጅ የሳተችው የፈተና ጥያቄም ይኸው ነበር፦ ኀምሳ ኪሎ ተሸክሞ ዝም ብሎ የቆመ ሰው በሸክሙ ላይ ስንት ወርክ ሠራ? መልሱ ዜሮ ነው። ይህን ስንነግራቸው እናቷ «ኀምሳ ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ ሥራ አልሠራም ይባላል እንዴ? ይህን ያለው ሰው ተሸክሞ አያውቅም!» ብለው ሁላችንንም አሣቁን። ልጅቷ ግን ያን ጥያቄ ዳግም እንደማትስተው እርግጠኛ ነኝ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለዓመታት በንባብና በሥራ ካገኘሁት የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላት የተጠራጠሩትን ቃል ለመፈለግ እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመሸምደድ አልተዘጋጀም። ማይክል ዌስት የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ለተማሪ እጅግ የሚጠቅሙ 2,000 ያህል ቃላትን መርጦ አሳትሟል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከእነዚያ ቀጥሎ በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይታለች። በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ከሚገኙት ቃላት ከመቶ አሥር ያህሉ ከእነዚህ ቤተሰቦች የሚወጡ ናቸው። ይህ ማለት አንድ ልጅ በቀን አምስት ቃል እንኳ ቢይዝ በአራት ወር ገደማ ሊያዳርሳቸው ይችላል ማለት ነው። የፈተና ትእዛዞችም ከእነዚሁ ውስጥ ይገኛሉ፦ «ኮንትራስት» ልዩነቱን አሳይ፤ «ጀስቲፋይ» ምክንያትህን ስጥ፤ «ኢቫሉዌት» መዝነህ ፍረድ ማለት ነው። «ኢንፈር» ደግሞ በግልጽ ካልተነገረው ላይ፣ ከተነገረው ተነሥተህ ድረስ ማለት ነው። ከሰሙ ወርቁን ማውጣት ለለመደ የአገራችን ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ የቃሉን ሥር መፈለግ ነው። ከ«ጻፈ» ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈትና መጽሐፍ እንደሚወጡ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛም ከባድ ቃላት ከላቲንና ከግሪክ ሥሮች ይወጣሉ። «ፖርት» በላቲን መሸከም፣ መያዝ ነው። «ኤክስፖርት» ወደ ውጭ፣ «ኢምፖርት» ወደ ውስጥ፣ «ትራንስፖርት» ከወዲህ ወደ ማዶ ማመላለስ ሲሆን፣ «ሪፖርት» ደግሞ ወሬን ይዞ መመለስ ነው። «ስክሪፕት» ጽሑፍ፣ «ማኑ» እጅ በመሆኑ «ማኑስክሪፕት» የእጅ ጽሑፍ ይሆናል። «ቴሌ» ሩቅ፣ «ፎን» ድምፅ ነው፤ ስልክ ማለት የሩቅ ድምፅ ነው። እንዲህ ሲታይ ብዙው ቃል ሳናውቀው ከቤታችን ገብቶ ተቀምጧል።

ይሁንና በሥሩ መተማመን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ የተባይ ማጥፊያና የቀለም ማቅጠኛ ዕቃ ላይ «ኢንፍሌመብል» ተብሎ ይጻፋል። «ኢን» የሚለው መነሻ በብዙ ቃላት ላይ «አይደለም» ማለት ስለሆነ፣ ልጆች «የማይቀጣጠል» ብለው ይተረጉሙታል። ትርጉሙ ግን ፍጹም ተቃራኒው ነው፤ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። «ፍሌመብል» የሚለውም ትርጉሙ ያው ነው። ዛሬውኑ በጓዳዎ ውስጥ ያለውን ዕቃ ለልጅዎ ያስነብቡና፣ እንዲህ የተጻፈበት ካለ ከምድጃው ያርቁት። ቃል ማወቅ ለፈተና ብቻ አይደለምና።

ሦስተኛ፣ መድገም ነው። ሔርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ያገኘውም ሰው በቃሉ የያዘውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ውስጥ መሆኑን ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ቃል ጨርሶ ወደ ሌላ ከማለፍ፣ አምስቱን ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንትና ከወር በኋላ መልሶ መጠየቅ ይበልጣል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ከባዶ ካርቶን ትናንሽ ካርዶች ይቁረጡ። በፊቱ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በጀርባው ትርጉሙንና ቃሉ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር ትጻፍበት። የተሳተችው ካርድ ለነገ፣ ያገኘችው ለሳምንት ይቀመጥ። ጀርባውን እያዩ ማንበብ ጥናት አይባልም፤ ሸፍኖ ማስታወስ ነው ጥናቱ።

አራተኛ፣ መሣሪያውን ማወቅ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ አማካይነት የማይተረጎም ቃል የለም፤ ነገር ግን ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ትርጉም ብቻ ስለሆነ ወደ ደብተሩ በሽታ ይመልሰናል። የተሻለው መዝገበ ቃላትን ከአገባብ ጋር ማየት ነው። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እስካሁን ባለ ብዙ ጥቅም ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ልጅ የተማረውን ቃል ለሌላ ሰው በአማርኛ እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ጎረቤቴ ቤት ይህ ልማድ ሆኗል። እናት ማታ ሊጥ ሲያቦኩ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ የዕለቱን አምስት ቃላት ታስረዳለች። እናት ካልገባቸው «አልገባኝም፤ ድገሚው» ይላሉ። ሊያስረዱት ያልቻሉት ቃል ያልታወቀ ቃል ነውና ካርዱ ለነገ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ አለማወቃቸው ለዚህ ሥራ እንቅፋት ሳይሆን ዋና ችሎታቸው ሆነ። ምክንያቱም ልጅቷ ያወቀች መስላ ልታልፋቸው አትችልም።

ውጤቱስ? በአንድ ጀንበር አንደኛ ወጣች ብዬ አልዋሽም። የመጀመሪያው ወር አሰልቺ ነበር፤ ካርዶቹን ጥላ ያለቀሰችበት ማታም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዓመቱ መጨረሻ ከወደቀችባቸው ትምህርቶች አንዱ ብቻ ቀርቷት ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። ስለ ዐረብ አገር የሚነሣው ነገር ፈጽሞ ቀረ ለማለት አልደፍርም፤ የቤቱ ችግር እንዳለ ነው። ነገር ግን ከእንግዲህ ብትሄድ እንኳ «ትምህርት ለኔ አልሆነም» ብላ እንደማትሄድ እናቷ ያውቃሉ። በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ትናንት ምን እንዳስተማረችኝ ታውቂያለሽ? ‹ሪላክታንት› አለችኝ። እያመነታ፣ ልቡ ሳይፈቅድ የሚያደርግ ሰው ማለት ነው አለችኝ። ‹ያንቺ አባት ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሲሰጥ እንደዚያ ነው› አልኋት» ብለው ሣቁ።

ውድ አንባቢያን፣ እርስዎም ዛሬ ማታ ልጅዎን አንድ ቃል፣ አንድ ብቻ፣ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። ስንት ቃል አጠናህ ብለው ግን አይጠይቁት። ሲሳሳት አይሣቁበት፤ ካልገባዎ አልገባኝም ለማለት አይፈሩ።